የገወርጊስ ስንኝ

ቤት ከርማ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1995

ለምወድህ ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለዮናዳም፤

ያለህበትን አገር ሰላም ያድርግልህ። ጉሮሮህን ጌታ ይጠብቅልህ፣ በሄድክበት ሁሉ ሰው አያሳጣህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ጾመ ነነዌንም በሰላም ፈታን። እማዬ በሰባ አራት ዓመቷ ሦስቱን ቀን ውሃ ሳትቀምስ ጾመች። «እባክሽ ተይ» ብላት «ለዮናስ በዓሣ ሆድ ውስጥ ማን ውሃ ሰጠው?» አለችኝ። በረዶው ዘንድሮ ከፍቶብናል፤ በረቱ ጣራ ላይ አካፋ ይዘን ስንወጣ ከረምን። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ናርጊስ ልጄ ደግሞ ታጭታለች፤ ልጁ ኦዲሾ ይባላል፣ ከላይኛው ሰፈር ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ ጆሮው ብቻ ትንሽ ሰፋ ይላል።

ካሴትህ ደረሰን። የበንያሚን ሚስት ናት ያመጣችልን። መብራት ስለሌለ ባሏ የትራክተሩን ባትሪ ፈትቶ ሰጠን፤ ሴቶቹ ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስበው ምስር እየለቀምን ማዳመጥ ጀመርን። ድምፅህ በስሏል። ኦርጋኑ ትንሽ ይበዛል፣ አትቀየመኝ፤ እኔ ዙርና መለከቱን ነው የለመድኩት። ብቻ ሰዉ ወደደው። አሮጊቶቹ ተቀምጠው ትከሻቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንተ ጠራህ፤ «ከወይኑ ማዶ ያለህ ወንድሜ፣ ጥላው ደረሰ ወይ?» አልክ። እንደ ሠርግ ቤቱ ወግ ሁለተኛው ዘፋኝ መመለስ አለበት። አንተው ራስህ ትመልሳለህ ብዬ ስጠብቅ ሌላ ድምፅ መለሰ። «ጥላው ደርሷል፣ ውሃው ቀርቧል፣ አንተ ብቻ ቀረህ» አለ።

እማዬ የምስሩን ትሪ አስቀመጠች።

«ገወርጊስ ነው» አለች።

«የማን ገወርጊስ?» አለች የበንያሚን ሚስት።

«የእኔ ነዋ። ስንት ገወርጊስ አለኝ?»

ሴቶቹ እጃቸውን ከምስሩ አነሡ። ካሴቱ ብቻ ይዘፍናል።

ወንድሜ፣ በሰማንያ ስምንት ወታደሩን ሸሽታችሁ ሁለታችሁ ተራራውን ወደ ቱርክ ተሻግራችሁ ከሄዳችሁ፣ አንተም «በስደተኛ ሰፈሩ ግርግር ተለያየን» ብለህ ከጻፍክልን ወዲህ ስለ ገወርጊስ አንድ ወሬ ሰምተን አናውቅም። እማዬ ጥቁር አልለበሰችም። ሬሳ ሳላይ አልለብስም ብላ ይኸው ሰባት ዓመቷ ነው። አሁን «ዮናዳም ዘንድ ነው፤ ኩርፊያውን ሲጨርስ ይጽፋል» ትላለች። አልጋውን አንጥፋለታለች። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድሜ አንተ ጋ ነው ወይ?

የእማዬ ዓይን እየደከመ ነው፣ የዓይን ጠብታ እዚህ ጠፍቷል፤ ካገኘህ በሰው ላክልን።

እህትህ ባቲሽዋ


ሲድኒ፣ ሜይ 14 ቀን 1995

ለተከበርሽው እህቴ ለባቲሽዋ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጃችሁ አይራቅ። የእማማ ሹሻንን እጅ በሩቁ እስማለሁ። እናቴ ሞታ በጨርቅ ተጠቅልዬ ስመጣ ጡቷን ከገወርጊስ ቀንሳ ለእኔ ያጠባች እሷ ናት፤ ይህን በየመድረኩ እናገራለሁ፣ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለትንሣኤ ነው፤ መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። ከዘጠና ጀምሮ እዚህ ስዘፍን እንደ ዘንድሮ ሆኖልኝ አያውቅም። በየቅዳሜው ሠርግ አለ። ስዊድን ድረስ ጠርተውኝ ሄጄ ነበር፤ አራት መቶ ሰው በአንድ መስመር እጅ ለእጅ ተያይዞ አዳራሹን ሁለት ዙር ሲከበው ብታዪ ታለቅሺ ነበር። ያኔ ከአህያ ወርደን በርበሬ ማድረቂያው ላይ የምንዘፍን ልጆች እዚህ እንደርሳለን ብሎ ማን ያስብ ነበር? ፎቶ አስገብቻለሁ። ያ ነጭ ልብስ የአዳራሹ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ያን ሦስተኛውን ዘፈን ሰው ሁሉ ይወደዋል። የሙሽራ እናቶች መጥተው «ያንን ሁለት ድምፅ ያለውን» ይሉኛል። እኔ የራሴን እዘፍናለሁ፣ መልሱን ማሽኑ ያወጣዋል። እሱ ሲመጣ ፊቴን ወደ ከበሮ መቺው አዞራለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ስለ ድምፁ የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። የዛሬ ዘመን ስቱዲዮ ብዙ ነገር ይሠራል።

የዓይን ጠብታ ስድስት ብልቃጥ ልኬአለሁ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ለናርጊስ ሠርግም በፖስታው ውስጥ የምትሆን ነገር አለች። ኦዲሾን ጆሮው የሰፋ ሰው ዘፈን ይሰማል በይልኝ።

ወንድምሽ ዮናዳም


ቤት ከርማ፣ ጁላይ 30 ቀን 1995

ለወንድሜ ለዮናዳም፤

ጌታ በጤና ያክርምህ፣ እንጀራህን ይባርክልህ። ጠብታው ደረሰ፤ ምንጩ አጠገብ በማሰሮ አስቀምጠነዋል። እግዜር ይስጥልን።

ወንድሜ፣ አራት ገጽ ጽፈህልኛል። ስዊድንን ነገርከኝ፣ ነጩን ልብስ ነገርከኝ። ለጠየቅሁህ ግን አንድ መስመር ተኩል ሰጠኸኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ስቱዲዮ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ሰው ሳይኖር ሰው ያናግራል ወይ?

አሁን የደረሰብንን ስማ። የናርጊስ ሠርግ ለሴፕቴምበር፣ ከወይን ለቀማው በፊት ተባለ። የኦዲሾ አጎት ሻዎል ደህና ሰው ነው፣ ወግ ያውቃል። ሐዘን ያለበት ቤት ካለ ከበሮ ከመመታቱ በፊት ሄዶ ፈቃድ መጠየቅ ነውና፣ የገወርጊስን ነገር አስቦ ቄስ ኢሻያን ይዞ፣ እንደ ወጉ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። እኔ ሻይ ላፈላ ጓዳ ነበርኩ። ባውቅ ከበር እመልሳቸው ነበር።

«እማማ ሹሻን» አለ ሻዎል፣ ቆቡን አውልቆ፣ «ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው። ልጆቹ ደስ ይበላቸው ካልሽን ከበሮ እናስመታለን፤ የለም ካልሽን ያለ ከበሮ እንድራለን።»

«የምን ሐዘን?»

ሻዎል ቄሱን አየ። ቄሱ ጫማውን አየ።

«የገወርጊስ ነዋ እማማ።»

«ገወርጊስ አውስትራሊያ ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት ሰማሁት፣ ትናንትም ሰማሁት። ማን ሞተ ብለህ ነው ስኳር ተሸክመህ የመጣኸው? አንሣው። ከቤቴ አንሣልኝ።»

«ሹሻን፣ ልጄ፣» አለ ቄስ ኢሻያ፣ «ሰውየው ለክብርሽ ብሎ ነው።»

«አንተም ቄስ ነኝ ትላለህ። ሕያውን ሰው ትቀብራለህ?»

ስኳሩን ይዘው ሄዱ። እማዬ በዚያው ቀን «ወንድሟ ሳይመጣ ናርጊስ አትዳርም» አለች። አጎቷ ማለቷ ነው፤ እሷ ግን ገወርጊስን ለሁላችንም ወንድም ነው የምትለው። ሂናዋን የምትቀባት እሷ ናት፤ የቤቱ ታላቅ ካልነካ ሂና አይጀመርም። የኦዲሾ እኅት «አንድ ካሴት የሚያዘገየው ሠርግ አይተን አናውቅም፣ ሌላ ቤት እናያለን» ብላ በወፍጮ ቤቱ ተናግራለች አሉ። ናርጊስ ለእኔ አታለቅስም። በረት ገብታ ነው የምታለቅሰው፣ ጥጃዋ ስትከተላት አያለሁ።

እማዬ ደግሞ በየእሑዱ ካዴ የሚባለውን ዳቦ ትጋግራለች፣ በቅቤ። መንገድ ዳር ወጥታ ቁጭ ትላለች። ከዳሁክ የሚመጣ መኪና ሲያቆም ትነሣለች። ሾፌሮቹ ለምደዋታል፤ «ዛሬ የለም እማማ» ይሏታል፣ ካዴውን ይበላሉ።

ገንዘብ አልጠይቅህም። ያ ድምፅ የሕያው ነው ወይስ የሞተ? አንድ ቃል ጻፍልኝ።

ባቲሽዋ


ሲድኒ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1995

እህቴ ባቲሽዋ፤

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሰላምታውን በሙሉ ልብ ነው የማቀርበው፣ አጭር ሆነ ብለሽ አትቀየሚኝ።

ድምፁ የድሮ ነው። በሰማንያ ሰባት መኸር፣ በበንያሚን ሠርግ፣ በዚያ በቀይ ቴፕ የቀዳሁት ነው። ካሴቱ በኮቴ ገበር ውስጥ ተሰፍቶ ነበር የወጣው። የእኔን ድምፅ ሠረዝኩና አዲስ ዘፈንኩ፤ የእሱን እንዳለ ተውኩት።

በግርግር አልተለያየንም። ዋሽቻችኋለሁ።

ድንበሩን ተሻግረን ሰፈሩ ውስጥ አሥር ቀን ያህል እንደቆየን መንግሥት በራዲዮ ምሕረት አወጀ፤ የተሰደደ ይመለስ፣ የሚነካው የለም አሉ። ገወርጊስ «እማዬ ብቻዋን ናት፣ እንመለስ» አለኝ። እሺ አልኩት። በማግሥቱ የሚመልሰን መኪና መጣ። እሱ ወጣ፣ እኔ አንድ እግሬን አነሣሁ። ፍርሃት ያዘኝ ባቲሽዋ።  «ኮቴን ድንኳን ውስጥ ረሳሁት፣ ቦታ ያዝልኝ» አልኩት።

«አንተ ለኮት ብለህ ከገነትም ትቀራለህ» አለና ሳቀ። የልብስ ጥቅልሉን እኔ የምቀመጥበት ላይ አደረገው።

ኮቱ ድንኳኑ ውስጥ ነበረ። አንሥቼ ታቅፌው ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። ገወርጊስ ስሜን ሲጠራ ሰማሁት። አልመለስኩም። መኪናው ሄደ።

በዘጠና ሁለት እዚህ አንድ የአማዲያ ኩርድ ከአዳራሹ ውጭ ጠብቆ አገኘኝ። በዚያው መኪና ላይ የነበረ ሰው ነው። መንገዱን ሁሉ ወንድምህ ያንን ባዶ ቦታ ሰው እንዳይቀመጥበት ሲጣላ ነበር አለኝ፤ «ከኋላ በሚመጣው መኪና ይደርሳል» ይል ነበር አለኝ። ዳሁክ ምሽጉ ግቢ ሲደርሱ ወታደሮቹ ክርስቲያኖቹን በስም ጠርተው ለብቻ አወጧቸው። ዘጠኝ ነበሩ፤ ስማቸውን ነግሮኛል፣ ከዚህ ጋር ጽፌልሻለሁ። በተዘጋ መኪና ወሰዷቸው። ከዘጠኙ የተመለሰ የለም።

ይህን ካወቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ደብቄው ዘፈንኩ። ስቱዲዮ ውስጥ የራሴን ስንኝ ጨርሼ ዝም ስል፣ መልስ የሌለው ሆኖ ጆሮዬ እምቢ አለኝ። እሱ ቢመልስልኝ ይቀለኛል ብዬ አሰብኩ። አልቀለለኝም። በየቅዳሜው «አንተ ብቻ ቀረህ» ይለኛል፣ ሰዉ ያጨበጭባል።

ለእማማ ንገሪያት ወይም አትንገሪያት፤ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ከዚህ የበለጠ ጉልበት የለኝም።

ዮናዳም


ቤት ከርማ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1996

ለዮናዳም፤

ጌታ ይቅር ይበልህ፣ ይቅር ይበለን፤ አዲሱን ዓመት ይባርክልህ። ደብዳቤህን ከገና በፊት አገኘሁት። ለበዓሉ ብዬ ዐሥር ቀን የዱቄት ዕቃ ውስጥ ደበቅሁት። የበዓሉን ብስኩት፣ ክሌቻውን ስንጋግር እማዬ እጇን ዱቄቱ ውስጥ ስትከት አገኘችው። ዓይኗ አያነብም፣ ጣቷ ግን ወረቀት ያውቃል።

«የማን ነው?»

«የዮናዳም።»

«አንብቢው። አትዝለዪ፤ ስትዘልዪ ትንፋሽሽ ይቀየራል፣ አውቅብሻለሁ።»

አነበብኩላት። ሁሉንም። ኮቱ ላይ ስደርስ ቆምኩ፣ «ቀጥዪ» አለችኝ። ስጨርስ ዱቄቱን ከእጇ አራገፈች።

«ስሙን ስንት ጊዜ ጠራው?»

«ጥሩምባው ሦስት ነው ይላል እማዬ።»

«ስለ ጥሩምባው አልጠየቅሁሽም። ልጄ ስንት ጊዜ ጠራ? ጻፊና ጠይቂው።»

ይኸው ጠይቄሃለሁ።

ከዚያ ሳጥኗን አስከፈተችኝና ጥቁር ሻሿን አወጣች። በሰማንያ ስምንት ሳልለብሰው የቀረ ነው አለችኝ፤ ተጣጥፎ መሐሉ ነጭ መስመር ሠርቷል። ራሷ አሰረችው። የገወርጊስን አልጋ አነሣን። ቄስ ኢሻያ ደወል አስደወለ፤ ሰው ሁሉ እየሮጠ መጣ፣ ማን ሞተ እያለ። ለዘጠና አምስት ሞት የመጣ ሰው ለሰማንያ ስምንት አለቀሰ። የኦዲሾ እኅት ሳይቀር ደረቷን ደቃች፣ እግዜር ይስጣት።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። እኔም ዋሽቻለሁ። ያን ቀን ካሴትህን ስናዳምጥ ከገወርጊስ ድምፅ በስተኋላ ከበሮ ይሰማ ነበር። ያ አንዱን ምት እየዘገየ የሚመታ እጅ የመንደራችን ከበሮ መቺ የኦራሃ እጅ ነው። ኦራሃ በሰማንያ ዘጠኝ ነው የሞተው፣ እኔ ራሴ ነኝ የሬሳውን ማጠቢያ ውሃ የቀዳሁለት። ስለዚህ ድምፁ የድሮ መሆኑን ገና ያን ቀን አውቄ ነበር። እማዬ አልጋውን ስታነጥፍ ዝም ብዬ ትራስ አቀበልኳት። ካንተ ሲመጣ ይሻላል ብዬ ነው። በአንተ ላይ ብዙ መፍረድ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ሻዎል ስኳሩን ይዞ እንደገና ሊመጣ ይፈልጋል። እማዬ ግን «ያልተቀበረ ሰው ቤት ፈቃድ አይጠየቅም። ይቀበርና ይምጡ» አለች። ምን እንቅበር ስንላት የመለሰችውን ቃል በቃል ጻፊለት ብላኛለች፤

«ለኮቱ ብሎ ተመለሰ አይደል? እንግዲያው ኮቱ ውስጥ የነበረውን ይዞልኝ ይምጣ። የልጄ የቀረው ድምፁ ነው፣ እሱን እቀብራለሁ።»

ዋናውን ካሴት ነው የምትፈልገው። ግልባጩን አይደለም። ሠርጉ ከትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ነው የምንጠብቅህ። በቱርክ በኩል መንገዱ ክፍት ነው፣ ሰው ይመላለሳል።

ባቲሽዋ


ሲድኒ፣ አፕሪል 9 ቀን 1996

እህቴ፤

ሁለት ጊዜ ነው የጠራኝ። መጀመሪያ «ዮናዳም» አለ። ሁለተኛ «ዮናን» አለኝ፤ እማማ በልጅነቴ የምትጠራኝን።

ካሴቱን በዚህች የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለመምህር ያቆ ሰጥቼአለሁ፤ የታመነ ሰው ነው፣ ከእጁ አይለይም። ትንሽ ስንጥቅ አለበት፣ የድሮ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያንን ዘፈን አልዘፍንም።

ለመምጣት ትኬት ቆርጬ ነበር። ሆኖም እስከ ኦገስት በየቅዳሜው ቃል የገባሁላቸው ሙሽሮች አሉ፤ የመኖሪያ ወረቀቴም ገና አላለቀም። የእማማን እግር እስማለሁ። ለናርጊስ ሠርግ የሚሆን በፖስታው ውስጥ አለ።

ዮናዳም


ቤት ከርማ፣ ጁን 23 ቀን 1996

ለወንድሜ ለዮናዳም፤

በረከት አይለይህ። ናርጊስን ዳርናት። ሁሉንም ልንገርህ።

መምህር ያቆ ሜይ ሦስት ቀን፣ ዓርብ፣ መጣ። ትመጣለህ ብላ እማዬ መንገድ ዳር ነበረች። መኪናው ሲቆም ተነሣች። እሱ ሲወርድ ጠበቀች፣ ቀጥሎ የሚወርድ እንዳለ ደግሞ ጠበቀች። ሾፌሩ በሩን ሲዘጋ ነው የተቀመጠችው። ቆርቆሮውን ተቀብላ አላየችውም፣ ክብደቱን ብቻ በእጇ ለካች።

«እሱስ?» አለች።

«ሥራ ይዞታል እማማ፤ ሠርግ በዝቶበት ነው» አለ ያቆ።

«እ» አለች። ቆርቆሮውን ታቅፋ ወደ ቤት ሄደች።

ቄስ ኢሻያ አስቸገረ። «ሹሻን፣ እኔ በካሴት ላይ ፍትሐት አድርጌ አላውቅም፤ በመጽሐፉ የለም» አላት። «በመጽሐፉ ዘጠኝ ልጆች በአንድ መኪና ወስዶ መቅበር አለ?» አለችው። ደግሞ «ስሙን ብቻ ጥራልኝ፣ ሌላው በእግዚአብሔርና በእኔ መሐል ነው» አለችው። በመጨረሻ ልብሱን ለብሶ መጣ። ከአባታችን ጎን ቆፈርን። የቀሩትን የስምንቱንም ስም ጠራ፤ ከታችኛው መንደር የአራቱ እናቶች መጥተው ነበር። እኔ ከመቀበሩ በፊት አንድ ጊዜ እንስማው ብዬ ባትሪውን አዘጋጅቼ ነበር። እማዬ አልፈቀደችም። «ይረፍበት» አለች። አፈሩን የመጀመሪያውን እሷ ጣለች። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ አልዋሽህም።

ከአርባው በኋላ ሻዎል ስኳሩን ይዞ መጣ፤ ያው ስኳር ነው፣ ወረቀቱ ብቻ ተቀይሯል። ቄሱም መጣ። ቆባቸውን አወለቁ። «ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው» አሉ። እማዬ «ሐዘኔ ሐዘኔ ነው፤ ልጆቹ ግን ደስ ይበላቸው፣ ከበሮውን ምቱ» አለች። ሂናውን ቀባቻት። እስከ ክንዷ አደረሰችው፣ ናርጊስም እጇን ዘርግታ አስቀባች።

ዘፋኙ ከሳርሲንግ ከተማ የመጣ ልጅ ነበር፣ ኦርጋን ያለው። ያንተን ዘፈን ሰው ጠየቀ፤ ልጁ መጥቶ እማዬ ፊት ጎንበስ አለ፣ ልዝፈን ወይ ብሎ። «ዮናዳም የሚለውን ብቻ ዝፈን» አለችው። ዘፈነ። መልሱ ጋ ሲደርስ ልጁ ዝም አለ። ከበሮው ብቻ ቀጠለ፤ የጨፋሪው መስመር እጅ ለእጅ እንደተያያዘ አንድ ሙሉ ዙር ያለ ድምፅ ዞረ። የእግራችን ኮቴ ብቻ ነበር የሚሰማው። እማዬ ለጭፈራው መሐረቧን አላነሣችም፣ ግን እስከ መጨረሻው ቆማ አየች።

ጠብታው አልቋል፤ ግን አትላክ። ገንዘብም አትላክ። ይህን ያለችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። እሑድ እሑድ ካዴ መጋገሯን ትተዋለች ብዬ ነበር። አልተወችም። ዛሬም ጋግራ መንገድ ዳር ወጣች። ተከትዬ ሄድኩና «እማዬ፣ ቀብረነው የለም እንዴ?» አልኳት።

«ገወርጊስን ቀብሬዋለሁ» አለች። «ሌላው ልጄ ነው የቀረው። ጻፊለት።»

ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ባቲሽዋ